ደካማው ፎልት፦ የሱፐርኮንዳክተር ከረንት ገዳቢ ንድፍ ከፎገራ ሜዳ ሲታይ

ስለ ሱፐርኮንዳክተር ፎልት ከረንት ገዳቢ የሚጽፍ ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ጽሑፍ ሳይጠቅስ አያልፍም፤ የካርልስሩኸው ማቲያስ ኖኤና የፍሎሪዳው ሚካኤል ስቶየረር እ.ኤ.አ. በ2007 «ሱፐርኮንዳክተር ሳይንስ ኤንድ ቴክኖሎጂ» በተባለው መጽሔት ያወጡትን ዳሰሳ። ዳሰሳው የመሣሪያውን ዓይነቶች፣ ሊተከልባቸው የሚችሉትን ቦታዎችና እስከዚያ ጊዜ የተሞከሩትን ፕሮጀክቶች በአንድ ላይ ሰብስቧል፤ የሚገባውንም ክብር አግኝቷል። የዚህ መጣጥፍ ጠብ ዳሰሳው ከያዘው ሚዛን ጋር ነው። የጽሑፉ መነሻ ብሬከር የማይችለው ትልቅ ከረንት ነው፤ ከእሱ በኋላ የመጡት ንድፍ አውጪዎችም ያንን መነሻ ሳይጠይቁ ተቀብለው፣ ከማከፋፈያ ጣቢያ ደጃፍ ላይ የሚደርሰውን ትልቁን ሾርት ብቻ ይዘው የሱፐርኮንዳክተሩን ቴፕ ርዝመት ያሰላሉ። መሣሪያው ለተተከለባቸው እንደ ኤሰንና ሞስኮ ላሉ ከተሞች ይህ ያስኬዳል። ረጅም፣ ቅርንጫፉ የበዛ፣ በዝናብና በነፋስ መካከል የተዘረጋ የአየር ላይ መስመር ባለበት አገር ግን መሣሪያውን የሚያቃጥለው ትልቁ ፎልት አይደለም። ትንሹ ነው።

ይህን ለማየት ከፎገራ ሜዳ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ወረታ የሩዝ ከተማ ሆናለች። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በደራ ወረዳ በጅግና እና በፎገራ ወረዳ በሻጋ የተጀመረው የሩዝ እርሻ ዛሬ ሜዳውን ይዞታል፤ «ኤክስ-ጅግና» የተባለው ዝርያም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። በወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ፤ መንገዱን ተከትለው የተደረደሩት የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች ደግሞ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠሩ ናቸው። የደራ ወረዳ ዋና ከተማ አንበሳሜ በሜዳው ደቡባዊ ዳርቻ ላይ ትገኛለች። ክረምት ሲሆን ርብና ጉማራ ከወሰናቸው ወጥተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ የመስመር ምሰሶዎች ውሃ ውስጥ ይቆማሉ። ዘንበል ያለ ምሰሶ፣ ሽቦ ላይ ያረፈ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ፣ በረጠበ ማሳ ላይ የተበጠሰ ሽቦ፦ እንዲህ ባለ መልክዓ ምድር ፎልት ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው ይህ ነው።

የመሣሪያውን ታሪክ በዝርዝር መተረክ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1911 ሃይኬ ካመርሊንግ ኦነስ በላይደን ሜርኩሪ በ4.2 ኬልቪን ሬዚስታንሱን እንደሚያጣ አየ፤ በ1986 ቤድኖርዝና ሙለር ኦክሳይዶችን አስተዋወቁ፤ በ1987 በ92 ኬልቪን ገደማ ሱፐርኮንዳክተር የሚሆነው የኢትሪየም፣ የባሪየምና የመዳብ ኦክሳይድ መጣ። በ77 ኬልቪን የሚፈላው ርካሹ ፈሳሽ ናይትሮጅን ለማቀዝቀዣነት በቃ። ከዚያ በኋላ ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ከመስመሩ ጋር በተከታታይ የገባ ሱፐርኮንዳክተር በሰላሙ ጊዜ የሌለ ያህል ይሆናል፤ ከረንቱ ከወሳኝ መጠኑ ሲያልፍ ወደ ተራ ብረትነት ይመለስና በራሱ ሬዚስታንስ ፎልቱን ያንቃል። ሬዚስቲቭ የሚባለው ዓይነት ይህ ነው። ሁለተኛው ዓይነት የሳቹሬትድ ኮር ነው፤ በቀጥተኛ ከረንት የሚሠራ ሱፐርኮንዳክተር ጥቅል የብረት ኮሩን በማግኔት ሞልቶ ይይዘዋል፤ የመስመሩ ከረንት ሲያብጥ ኮሩ ከሙላቱ ይወጣና ሪአክታንሱ ይጨምራል። እዚህ ሱፐርኮንዳክተሩ ራሱ ከቅዝቃዜው አይወጣም።

የተሠሩትን መሣሪያዎች የተተከሉበትን ቦታ ብቻ አይቶ መዘርዘር ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1996 የኤቢቢ 1.2 ሜጋ ቮልት አምፔር መሣሪያ በስዊዘርላንድ በሉንች የውሃ ኃይል ማመንጫ ውስጥ ገባ። በ2004 «ከርል 10» የተባለው 10 ኪሎ ቮልት መሣሪያ በጀርመን ኔትፌን ሁለት ባስ ባሮችን አገናኘ። በ2009 ሌላ ገዳቢ በቦክስበርግ የድንጋይ ከሰል ማመንጫ ውስጥ የጣቢያው የራሱ ኃይል መስመር ላይ ዋለ። በ2014 በኤሰን ከተማ መሐል የአምፓሲቲ ፕሮጀክት 1 ኪሎ ሜትር የሱፐርኮንዳክተር ኬብልና ገዳቢ አብሮ ዘረጋ። በ2019 ሞስኮ በምኔቭኒኪ ጣቢያ 220 ኪሎ ቮልት ላይ ደረሰች። እነዚህ ሁሉ ወይ በማመንጫ ግቢ ውስጥ ናቸው፣ ወይ በከተማ ጣቢያ። እውነት ነው፣ ኖኤና ስቶየረር ከጣቢያ የሚወጡትን መስመሮች፣ ፊደሮችንም ሊተከልባቸው ከሚችሉ ቦታዎች ቆጥረዋቸዋል። ግን መቁጠር አንድ ነገር ነው፤ ፊደሩ ስልሳ ኪሎ ሜትር ሲሆን ንድፉ ምን ይሆናል ብሎ መጠየቅ ሌላ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። የሚከተለው ስሌት ለናሙና ለታሰበ የ33 ኪሎ ቮልት መስመር ነው፤ የማንኛውም ጣቢያ መረጃ አይደለም። ትራንስፎርመሩ 25 ሜጋ ቮልት አምፔር፣ ኢምፒዳንሱ 10 በመቶ ቢሆንና ከበላዩ ያለው ኔትወርክ ወሰን የለሽ ጉልበት አለው ቢባል፣ ባስ ባሩ ላይ የሚደርሰው ባለ ሦስት ፌዝ ሾርት 4.37 ኪሎ አምፔር ነው። መስመሩ በየኪሎ ሜትሩ 0.35 ኦም ሬዚስታንስና 0.38 ኦም ሪአክታንስ ካለው፣ ፎልቱ 10 ኪሎ ሜትር ሲርቅ ከረንቱ ወደ 2.15 ኪሎ አምፔር ይወርዳል፤ በ30 ኪሎ ሜትር 1 ኪሎ አምፔር ገደማ ይሆናል፤ በ60 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ከባሕር ዳር እስከ ወረታ ባለው ርቀት፣ 555 አምፔር ይቀራል። ሽቦው መሬት ላይ ወድቆ 40 ኦም የሚሆን የአፈር ሬዚስታንስ ሲጨመርበት ከ300 አምፔር በታች ይሆናል፤ የመሬት መልስ መንገዱ ኢምፒዳንስ ሲታከልበት ከዚያም ያንሳል።

ገዳቢው ለ200 አምፔር ጭነት ተሠርቶ ወሳኝ ከረንቱ፣ መጠነኛ ትርፍ ተይዞ፣ በጫፍ ዋጋ 420 አምፔር ቢሆን እንበል። ባስ ባሩ አጠገብ የሚደርሰው ፎልት ጫፉ ከ6 ኪሎ አምፔር ስለሚያልፍ የዚህ መጠን አሥራ አምስት እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ቴፑ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ ይነቃል፣ ማለትም ሱፐርኮንዳክተርነቱን ያጣል። የ60 ኪሎ ሜትሩ ፎልት ጫፍ ግን 785 አምፔር ነው፣ ሁለት እጥፍ እንኳ አይሞላም። የቴፑ ወሳኝ ከረንት ደግሞ በርዝመቱ ሁሉ እኩል አይደለም፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ደካማና ጠንካራ ቦታዎች አሉት። ስለዚህ በደካማ ፎልት ጊዜ የሚነቃው ደካማው ቦታ ብቻ ነው፤ የቀረው ሱፐርኮንዳክተር ሆኖ ይቀጥላል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ስሌት የንድፍ ጽሑፎች ሲዘሉት ይታያል። የፌዝ ቮልቴጁ 19 ኪሎ ቮልት ነው። ቴፑ በሜትር 50 ቮልት እንዲሸከም ከተፈቀደለት ለአንድ ፌዝ 381 ሜትር፣ ለሦስቱ ከ1,100 ሜትር በላይ ያስፈልጋል። 12 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 100 ማይክሮ ሜትር የሃስተሎይ መሠረትና ስስ የብር ልባስ ያለው ቴፕ ሱፐርኮንዳክተርነቱን ሲያጣ በሜትር 0.25 ኦም ያህል ይኖረዋል። በትልቁ ፎልት ጊዜ ቮልቴጁ በሁሉም ሜትር ስለሚከፋፈል አንዱ ሜትር የሚቀበለው ሙቀት 10 ኪሎ ዋት ነው፤ በ100 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ቴፑ በ300 ኬልቪን ገደማ ይሞቃል፤ ይከብዳል እንጂ አይሞትም። በደካማው ፎልት ጊዜ ግን የነቃችው አንዲት ቁራጭ 381 ሜትር ያህል ሬዚስታንስ ስለሌላት ከረንቱን ልትገድብ አትችልም። 555 አምፔሩ ሙሉ በሙሉ በእሷ ያልፋል። በዚያች ቦታ ላይ የሚወርደው ሙቀት በሜትር ስሌት 77 ኪሎ ዋት ነው፣ ከትልቁ ፎልት ወደ ስምንት እጥፍ የሚጠጋ። የሙቀት ጭማሪው በሰከንድ 22,000 ኬልቪን አካባቢ ነው፤ በሁለት ዑደት፣ በ40 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ፣ ቁራጯ ከ800 ኬልቪን ታልፋለች። የናይትሮጅኑ መፍላት በሜትር ሊወስድ የሚችለው ሙቀት ጥቂት ኪሎ ዋት ብቻ ስለሆነ እሱም አያድናትም።

ሙቀቱ ራሱ ጎረቤቱን እያነቃ ይስፋፋል የሚል ይኖራል። በቀድሞው ብረታማ ሱፐርኮንዳክተር እንዲያ ይሆን ነበር፤ እዚያ የነቃው ክፍል በሰከንድ በሜትሮች ይሮጣል። በዚህ ኦክሳይድ ቴፕ ላይ በ77 ኬልቪን የሚስፋፋው በሰከንድ ከሚሊ ሜትሮች እስከ ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ነው። ብሬከሩ ከመክፈቱ በፊት ከአንድ ጣት ርዝመት አይርቅም።

ስለዚህ መጠየቅ የነበረበት እነዚህ ደካማ ፎልቶች ምን ያህል ያጋጥማሉ የሚለው ነው። መልሱን የሚሰጠው ምንጭ በእጅ ያለ ነው፤ ተንቆ ቀረ እንጂ። በኢትዮጵያ የማከፋፈያ ጣቢያዎች ውስጥ ኦፕሬተሩ ፊደር ሲከፈት በመዝገብ የሚጽፋቸው ምድቦች አሉ፦ ቋሚ ኧርዝ ፎልት፣ ጊዜያዊ ኧርዝ ፎልት፣ ቋሚ ሾርት ሰርኪዩት፣ ጊዜያዊ ሾርት ሰርኪዩት፣ ኦቨርሎድ፣ ለሥራ የተቋረጠ። በየዩኒቨርሲቲዎቹ ስለ ማከፋፈያ መስመር አስተማማኝነት የሚጻፉት የማስተርስ ጥናቶች እነዚህን ምድቦች ያውቋቸዋል፤ ግን የሚጠቀሙባቸው የመቋረጥን ብዛትና ሰዓት ለመደመር፣ ሳይፊና ሳይዲ የተባሉትን መለኪያዎች ለማውጣት ብቻ ነው። የአስተማማኝነት አጥኚው መዝገቡን ከፍቶ ከቆጠረ በኋላ ይዘጋዋል፤ የገዳቢ ንድፍ አውጪው ደግሞ ጭራሹን አይከፍተውም። መዝገቡን የሚያውቅ መሐንዲስ በኧርዝ ፎልት እና በሾርት መካከል ያለው መስመር በግምት በደካማውና በጠንካራው መካከል ያለው መስመር መሆኑን፣ ጊዜያዊና ቋሚ የሚለው ልዩነት ደግሞ የገዳቢውን የማገገሚያ ጊዜ በቀጥታ የሚወስን መሆኑን ሊያጣው አይገባም ነበር።

ማገገሙ ራሱን የቻለ ችግር ነው። ጊዜያዊ ፎልት ሲሆን ብሬከሩ ተከፍቶ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተመልሶ ሊዘጋ ይችላል። በ300 ኬልቪን የሞቀ ቴፕ ወደ 77 ለመመለስ ሰከንዶች ይፈልጋል፤ ጭነት እያለፈበት ከሆነ ደግሞ ይበልጥ። የቅርንጫፍ ንክኪ በሚበዛበት መስመር ላይ ገዳቢው ገና ሳያገግም ሁለተኛ ምት ያርፍበታል።

ለዚህ ሁሉ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሬዚስቲቩን ማዳን ነው፦ የብሩን ወይም የመዳቡን ልባስ ማወፈር፣ ከቴፑ ጋር ትይዩ የሆነ ጥቅል አስገብቶ በራሱ የማግኔት መስክ ቴፑን በሙሉ በአንድ ጊዜ እንዲያነቃው ማድረግ። የመጀመሪያው ሬዚስታንሱን ስለሚቀንስ ቴፕ ያስረዝማል፤ ቴፕ ደግሞ ከመሣሪያው ውድ ክፍሎች ዋነኛው ነው። ሁለተኛው ብልኃት ጥሩ ነው፣ ግን በወሳኙ ከረንት አፋፍ ላይ ለሚያንዣብብ ፎልት መስኩም ደካማ ይሆናል።

ሌላው መንገድ ሳቹሬትድ ኮር ነው፤ ይህ መጣጥፍም የሚያዘነብለው ወደዚያ ነው። ደካማ ፎልት ሲመጣ ኮሩ ከሙላቱ ስለማይወጣ መሣሪያው ዝም ይላል። ዝምታው ጉድለት የሚመስላቸው አሉ። በፎገራው ዓይነት መስመር ግን ጥቅም ነው፤ 555 አምፔርን የበለጠ ማሳነስ ሪሌዩን ማሳወር ነው፣ ማለፍ ያለበት ፎልት አልፎ በሪሌይ መታየት አለበት። ቅርብ ያለው ትልቅ ፎልት ሲመጣ ደግሞ ይገድባል፣ ከረንቱ ሲወርድም ወዲያው ወደ ቦታው ይመለሳል። ማስረጃውም አለ፤ በዳሰሳዎች ግርጌ ተጥሎ የቀረ ማስረጃ። በካሊፎርኒያ ሳን በርናርዲኖ በአቫንቲ ፊደር ላይ የተተከለው የዜነርጂ መሣሪያ ይህ ዓይነት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2010 በነፋስ ወቅት እውነተኛ ፎልት ደርሶበት ሥራውን ሠርቷል። የላብራቶሪ ሙከራ አልነበረም፣ የአየር ላይ መስመር ነበር። ለፎገራው ሁኔታ ከእሱ ይበልጥ የሚቀርበው ደግሞ የቻይናው ኢኖፓወር በኩንሚንግ ፑጂ ጣቢያ በ2008 ሥራ ያስጀመረው ነው፦ 35 ኪሎ ቮልት፣ 90 ሜጋ ቮልት አምፔር። ከኢትዮጵያው 33 ኪሎ ቮልት የሚለየው በሁለት ኪሎ ቮልት ነው፤ ኩንሚንግም እንደ ጣና ዙሪያ ከባሕር ወለል ወደ 1,900 ሜትር የሚጠጋ ደጋ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከ1,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ የአየር መከላከያ ርቀትን ማስፋት ግዴታ በመሆኑ ይህ መቀራረብ ለንድፍ አውጪ ከማንኛውም የጀርመን ፕሮጀክት የበለጠ ዋጋ አለው።

ስለ ከፍታ ከተነሣ ሳይጠቀስ የማይታለፍ ነገር አለ። በ1,800 ሜትር ላይ በክፍት ገንዳ የሚፈላ ናይትሮጅን 77.4 ሳይሆን 75.5 ኬልቪን ገደማ ላይ ይፈላል። ሁለት ዲግሪ ምንም ይመስላል፤ ወሳኙ ከረንት ግን በዚያች ልዩነት ከ10 በመቶ በላይ ያድጋል። ያለ ፓምፕ፣ ያለ ክፍያ የሚገኝ ትርፍ ነው። ጉዳቱ የናይትሮጅኑ አረፋ መከላከያውን በመጠኑ ማዳከሙ ነው።

ተቃውሞዎች ይኖራሉ። ተራ ሪአክተር ለምን አይበቃም የሚለው የመጀመሪያው ነው። የ4 ኦም ሪአክተር በ200 አምፔር ጭነት ላይ በየፌዙ 800 ቮልት ይጥላል፣ ከፌዝ ቮልቴጁ 4 በመቶ ገደማ፣ ሌሊትና ቀን። ጫፉ ላይ ቮልቴጁ ቀድሞውኑ የደከመ መስመር ይህን አይችልም። ሁለተኛው፣ መብራት በሚጠፋበት አገር ማቀዝቀዣው ምን ይሆናል የሚለው ነው። 500 ሊትር ፈሳሽ ናይትሮጅን ለመትነን 80 ሜጋ ጁል ይፈልጋል፤ የሙቀት ሰርጎ ገቡ 500 ዋት ቢሆን ወደ 45 ሰዓት ይቆያል። ናይትሮጅኑ ራሱ ከየት ይመጣል ለሚሉ፣ ለአርብቶ አደሩና ለገበሬው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ለሰው ሠራሽ ማዳቀል የሚውለው የኮርማ ዘር የሚቀመጠው በፈሳሽ ናይትሮጅን ነው፣ የፎገራ ከብት ዝርያ በሚጠበቅበት በአንዳሳም ጭምር ስሙ የታወቀ ነው። መጠኑ እንደሚለይ ግልጽ ነው፤ ጥያቄው የአቅርቦት እንጂ የዕውቀት አይደለም። የኮሩ ብረት ከባድ ነው ለሚለው ደግሞ፣ ወደ ጣቢያ ትራንስፎርመር ያደረሰ መኪና ኮርም ያደርሳል።

ከእነዚህ ይልቅ ሊሰማ የሚገባው ተቃውሞ ከሁሉም መሠረታዊው ነው፦ ፎልቱ ደካማ ከሆነ ገዳቢው ለምን? መልሱ ከሩዝ ወፍጮዎች ይመጣል። ከላይ ባለው ናሙና በአንድ ፊደር ላይ 10 ኪሎ ሜትር ርቀት የሚደርስ ሾርት በባስ ባሩ ላይ ያለውን ቮልቴጅ ወደ 58 በመቶ ያወርደዋል። ሌላው፣ ጤነኛው ፊደር ላይ ያሉ ሞተሮች መቆጣጠሪያ ኮንታክተር በዚህ አካባቢ ይለቃል፤ ወፍጮው ይቆማል፣ ያልበደለ ደንበኛ ይቀጣል። በ30 ኪሎ ሜትር ግን ቮልቴጁ 82 በመቶ ይቀራል፤ ወፍጮውም ይሠራል። መገደብ ያለበት የቅርቡ ፎልት ነው፤ በሕይወት ሊታለፍ የሚገባው የሩቁ። ገዳቢው ሁለቱን መለየት አለበት፤ ሳቹሬትድ ኮር ይለያቸዋል፣ ሬዚስቲቩ ግን በመካከላቸው ተቃጥሎ ይቀራል።

ከበለስ 460 ሜጋ ዋት (ግንቦት 2002 ዓ.ም. ተመርቋል) እና ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋት የህዳሴ ግድብ ጋር ተያይዞ የፎልት ከረንት በሁሉም ቦታ ያብጣል የሚል አነጋገር ይሰማል። ለ33 ኪሎ ቮልት ባስ ባር ይህ የተጋነነ ነው። ከላይ ያለው ኔትወርክ ቢጠናከርም አናቂው ራሱ ትራንስፎርመሩ ነው። እውነተኛው ዝላይ የሚመጣው ጭነት ሲያድግ ሁለተኛ ትራንስፎርመር በትይዩ ሲገባ ነው፤ በናሙናው ባስ ባር ላይ ያለው 4.37 ኪሎ አምፔር ወደ 8.7 ያድጋል። የ60 ኪሎ ሜትሩ ፎልት ግን በዚህ ጊዜም ከ600 አምፔር አይዘልም። ማለትም ኔትወርኩ በጠነከረ ቁጥር በጠንካራውና በደካማው ፎልት መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል፤ በትልቁ ብቻ የሚሰላው ንድፍም ስሕተቱ ያንኑ ያህል ያድጋል።

እዚህ የቀረቡት ቁጥሮች የናሙና ናቸው፤ የቴፑ ሬዚስታንስ ከሙቀት ጋር መጨመሩ፣ የሙቀት አቅሙም መለወጡ በግምት ታልፏል። ይህን ማሻሻል የሚቻለው ከሌላ ቀመር ይልቅ በመዝገቡ ነው። በጣቢያዎች የገቡት ዲጂታል ሪሌዮች ብሬከር በከፈቱ ቁጥር የከረንቱን ሞገድ ይመዘግባሉ፤ ያ ፋይል በኦፕሬተሩ መዝገብ ላይ «ጊዜያዊ ኧርዝ ፎልት» ከሚለው መስመር አጠገብ አንድ ተጨማሪ ቁጥር ሆኖ ቢገባ፣ ማለትም የከረንቱ ጫፍ ስንት ነበር የሚለው ቢጻፍ፣ በአንድ ክረምት ውስጥ በ420 እና በ800 አምፔር መካከል የወደቁት ፎልቶች ብዛት ይታወቃል። ሬዚስቲቭ ገዳቢ ለዚህ ሜዳ ይሆናል የሚል ሁሉ ያንን ቁጥር አስቀድሞ ማቅረብ አለበት።